በአውቶቡስ የመጣችው እናት

ዩቲዩብ ላይ ገብታችሁ «አዶፕሽን» እና «ኢትዮጵያ» ብላችሁ ብትፈልጉ፣ ከአሥር ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተጫኑ የቤተሰብ ቪዲዮዎች ይመጡላችኋል። ሁለት ሦስቱን ያየ ሰው የቀሩትን መገመት አያቅተውም። ሻንጣ ይታሸጋል። የአውሮፕላን መስኮት፣ ደመና። ከዚያ አዲስ አበባ በመኪና መስኮት፦ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ፣ በግ የሚነዳ ሰው፣ የባሕር ዛፍ መወጣጫ የተደገፈ ያላለቀ ሕንፃ። ቀጥሎ የብረት በር ይከፈታል፤ ሞግዚቷ ሕፃን ታቅፋ ብቅ ትላለች፤ ፈረንጇ አፏን በእጇ ትይዛለች፤ ሙዚቃው ከፍ ይላል። አንዳንዱ ሕፃን ያለቅሳል። አንዳንዱ ዝም ብሎ ያያል። «በመጨረሻ ተገናኘን» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ ያልቃል።

እነዚህን ቪዲዮዎች ብዙ አይቻለሁ። አብሬ ያለቀስኩባቸውም አሉ፤ ሰው ነኝ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ እንባቸውም የውሸት አይደለም። ግን እየደጋገምኩ ሳይ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ፦ ይሄ ታሪክ ለምን ሁልጊዜ አውሮፕላን ላይ ይጀምራል? ልጁ እኮ ከዚያ ቀን በፊትም ነበር። ስም ነበረው። ወደዚያ ግቢ ያመጣው ሰው ነበር። ያ ሰው ምን ለብሶ መጣ? በምን መጣ? ሲመለስስ ማን ሸኘው?

ይህ ጽሑፍ ልጅ ለመውሰድ ስለሚደረግ ጉዞ የተሠሩ ጥቂት ሥራዎችን ይመለከታል፤ መጽሐፍም ፊልምም አሉበት። የማነሳው ሐሳብ አንድ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ተጓዦቹ ሁለት ናቸው። አንዷ በአውሮፕላን ትመጣለች፣ አንዷ በአውቶቡስ። የአውሮፕላኗ ጉዞ ተጽፎ፣ ተቀርጾ፣ ታትሞ ጠግበናል። የአውቶቡሷን ግን ማን ጻፈው?

ጉዞው እንዴት ነበር?

ዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናችሁ አንባቢዎች ነገሩ የተከለከለበትን ጊዜ እንጂ የነበረበትን ጊዜ ላታስታውሱ ትችላላችሁና፣ እስቲ ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው።

ኢትዮጵያ የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ያገደችው በጥር 2010 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 2018) ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥራ ምናምን ዓመታት ግን አገራችን ከዓለም ዋና ዋና «ላኪዎች» አንዷ ነበረች። በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ሕፃናት ሄደዋል። በዚያ ዓመት ከኢትዮጵያ በላይ ለአሜሪካ የላከች አገር ቻይና ብቻ ነበረች። ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ዴንማርክና ሌሎችም የየራሳቸውን ይወስዱ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ አሳዳጊዎች ጉዳዩን በውክልና ጨርሰው፣ አንድ ጊዜ ብቻ መጥተው ልጁን ይዘው ይመለሱ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የፌዴራሉ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አሳዳጊዎቹ ራሳቸው እንዲቀርቡ መጠየቅ ጀመረ። ጉዞው ሁለት ሆነ። በመጀመሪያው ልጁን ያዩታል፣ ጥቂት ቀን አብረውት ይጫወታሉ፣ ችሎት ይቀርባሉ፣ ከዚያ ትተውት ይሄዳሉ። ቪዛው እስኪደርስ ይጠብቃሉ፣ በሁለተኛው መጥተው ይወስዱታል። በመካከሉ እንግዳ ማረፊያ አለ፣ ሽሮ ሜዳ ሄዶ የሐበሻ ቀሚስ መግዛት አለ፣ የቡና ሥርዓት አለ። ልጁ ሲያድግ «ባህልህ» ተብሎ የሚሰጠው ዕቃ የሚሸመተው በዚያ ሳምንት ነው።

ችሎቱ የሚያስችለው አዲስ አበባ ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ ግን የመጡት ከደቡብ ነው፤ ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሀዲያ። ስለዚህ ልጁን የሰጠው ወላጅ ወይም ዘመድም ፍርድ ቤት ቀርቦ ፈቃዱን ለማረጋገጥ መንገድ ይገባ ነበር። አንዳንዷ እናት አዲስ አበባን ያየችው ለዚህ ጉዳይ ብቻ ነው።

ሁለቱ ጉዞዎች አንድ ከተማ ውስጥ ይገናኛሉ። አንዱ የሻንጣ ዝርዝር፣ ብሎግ፣ የፎቶ አልበም አለው። ሌላው የለውም።

ደግ መጽሐፍ፣ ግማሽ ታሪክ

ወደ ሥራዎቹ ልግባ። በእንግሊዝኛ ስለ ኢትዮጵያ ልጆች ጉዲፈቻ ከተጻፉት በብዛት የተነበበው የሜሊሳ ፌይ ግሪን መጽሐፍ ሳይሆን አይቀርም። የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ርዕሱ «ያለ አንቺ እኔ የለሁም» እንደማለት ነው። የሚተርከው ስለ ወይዘሮ ሐረገወይን ተፈራ ነው፦ ባሏንና ልጇን አጥታ ከዓለም ለመራቅ ቆርጣ ሳለ፣ ወላጅ አልባ ልጆች እንድትቀበል ተጠይቃ፣ ቤቷ ቀስ በቀስ በኤድስ ወላጆቻቸውን ባጡ ሕፃናት ስለተሞላባት ሴት።

መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ይህን ሳልሸራርፍ እላለሁ። ግሪን ሐረገወይንን ቅድስት አድርጋ ለመሳል አልተሸነፈችም። ሴትየዋ ላይ የቀረበውን ክስ፣ የሰውን ሐሜት፣ የራሷንም ድካም ትጽፋለች። ኤድስ እንዴት አንድን ሰፈር ባዶ እንዳደረገ፣ መድኃኒቱ ሀብታም አገር ውስጥ እያለ እኛ ጋ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀ ታስረዳለች። ብዙ የውጭ ጸሐፊ የሚዘለውን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ሠርታለች።

ቢሆንም የመጽሐፉ አካሄድ ወደ አንድ በር ያመራል። ጸሐፊዋ ራሷ ከኢትዮጵያ ልጆች ወስዳ ያሳደገች እናት ናት፤ ትረካውም ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ልጆቹን አሜሪካ ውስጥ በአዲስ ቤታቸው እናገኛቸዋለን። አንባቢው ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላ ትንፋሽ ያገኛል። ችግሩ ይህ ትንፋሽ ነው። መጽሐፉ ሲዘጋ አንባቢው የሚያስታውሰው እናቶቹ ሁሉ እንደሞቱ ነው። እናት ከሞተች ደግሞ ጠያቂ የለም። ታሪኩ ንጹሕ ይሆናል።

እናቲቱ ባትሞትስ?

ሆቴሉ ውስጥ

ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ያመጣው የዴንማርኳ ዳይሬክተር ካትሪን ሪስ ኬር በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣችው «መርሲ መርሲ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ባልና ሚስት ኤች አይ ቪ በደማቸው ይገኛል፤ ብዙ እንደማይቆዩ ያምናሉ። ሁለት ትንንሽ ልጆቻቸውን ለዴንማርክ ጥንዶች ይሰጣሉ። ካሜራው ሁለቱንም ቤተሰብ ለዓመታት ይከተላል።

እዚህ ላይ አንድ እውነታ ማስታወስ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ ማደል የጀመረችው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። የእነዚህ ወላጆች ታሪክ ሲቀረጽ መድኃኒቱ ደርሷል። ሊሞቱ ነው የተባሉት ሰዎች አልሞቱም። ዳኑ፣ ልጆቻቸውን የሰጡበት ምክንያት ከእጃቸው ወጣ፣ ልጆቹ ግን ሄደዋል።

ፊልሙን ከቤተሰብ ቪዲዮዎቹ የሚለየው ካሜራው በሩ ሲከፈት አለመጀመሩ ነው። ልጆቹን ቤታቸው፣ እናታቸው ጋ እናያቸዋለን። ስለዚህ የዴንማርኮቹ ጥንዶች አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ ያ ሙዚቃ የሚያጅበው የመገናኘት ትዕይንት ሲመጣ፣ እኛ ተመልካቾች ደስታውን መካፈል ያቅተናል። ትልቋ ልጅ ስታለቅስ ለምን እንደምታለቅስ እናውቃለን። አሳዳጊዎቹ የሚያዩት ያልለመደች ልጅ ነው፤ እኛ የምናየው እናቷን የምትፈልግ ልጅ ነው። ትዕይንቱ ያው ነው፤ ቀደም ብሎ ያየነው ነገር ግን ትርጉሙን ገልብጦታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ይበልጥ ይከብዳል። ወላጆቹ ስለ ልጆቻቸው ወሬ ለማግኘት የድርጅቱን ደጅ ይጠናሉ። የሚጠብቁት ሪፖርት አይመጣም። ዴንማርክ ውስጥ ልጅቷና አሳዳጊዎቿ መግባባት አቅቷቸው መጨረሻ ላይ ከቤት ወጥታ የሕፃናት ተቋም ትገባለች። እናቷ ይህን ሁሉ ሳታውቅ ቢሮ ትመላለሳለች።

ፊልሙ ዴንማርክ ውስጥ ትልቅ ክርክር አስነሣ። ቁጣው ግን በአብዛኛው ያረፈው ጥንዶቹ ላይ ነው፤ በተለይ ሴትየዋ ላይ። ለዚህ ፊልሙም ድርሻ ያለው ይመስለኛል። ካሜራው ሴትየዋ ፊት ላይ ሲቆይ፣ ለልጅቷ ስትጠነክርባት ሲያሳይ፣ ለተመልካቹ የሚጠላው ሰው ይሰጠዋል። የሚጠላው ሰው ያገኘ ተመልካች ደግሞ ቢሮውን ይረሳል። ወላጆቹ ምን ተብለው ፈረሙ? ወረቀቱን በየትኛው ቋንቋ አነበቡት? ሪፖርቱን የማምጣት ግዴታ የማን ነበር? ለእነዚህ ጥያቄዎች አንዲት ክፉ ሴት መልስ አትሆንም። ፊልሙ ያስነሣውን ጥያቄ ራሱ በከፊል ሸፍኖታል እላለሁ። ያም ሆኖ ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው፤ እናቲቱን በሕይወት ያቆየልን እሱ ነውና።

አንድ ቃል፣ ሁለት ሕግ

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ፤ ለእኔ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

«ጉዲፈቻ» ከኦሮምኛ የመጣ ቃል ነው፤ ሥሩ ማሳደግ ማለት ነው። በሽማግሌ ፊት፣ አካባቢው እያወቀ የሚፈጸም ነገር ነው። አማራውም የጡት ልጅ የሚለው ልማድ አለው። በእነዚህ ልማዶች አንድ ልጅ አዲስ ቤት ያገኛል፤ የነበረው ቤት ግን አይደመሰስም። እናት ልጇን የት እንዳለ ታውቃለች። ልጁም የማን እንደሆነ ያውቃል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ መንፈስ ይዟል። አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ይደነግጋል፤ ምርጫ ግድ ሲሆን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ነገሩ ሌላ ነው፦ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣል፣ በእናት ቦታ የአሳዳጊዋ ስም ይገባል። የመጀመሪያዋ እናት ከሕጉ ትወጣለች።

ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ተቀምጠው የሚላቀሱት ሁለት ሴቶች ስለተለያየ ነገር ነው የሚላቀሱት። ከወለደችው ሴት አፍ የሚወጣው ቃል ምን ይሆን? አማርኛ ብትናገር «አደራ» ነው የምትለው። በሌላ ቋንቋም ብትናገር ሐሳቡ ከዚህ አይርቅም። አስተርጓሚው ደግሞ ምን ያድርግ? እንግሊዝኛው ለቃሉ ሙሉ ልብስ የለውም። «ተንከባከቡልኝ» ይሆናል። ወይ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ይሆናል። ፈረንጇ «ምን ዓይነት ስጦታ ሰጠችን!» ብላ ታለቅሳለች፤ ብሎጉም ላይ «ስጦታ» ተብሎ ይጻፋል።

ስጦታ የሰጠ ሰው እጁን አራግፎ ይሄዳል። አደራ የሰጠ ግን ጠያቂ ነው፤ የተቀበለውም ተጠያቂ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲባል ቀልድ አይደለም። በእኛ አገር ከሌባ ይልቅ የሚናቅ ሰው ካለ አደራ በላ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ አንዷ አደራ ሰጥታ ወጣች፣ ሌላዋ ስጦታ ተቀብላ ወጣች። ሁለቱም አልዋሹም። ልዩነቱን እያወቁ ዝም ያሉት በመካከል ያሉት ናቸው።

ይህ የእኔ ፍልስፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ፦ አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ካትሪን ጆይስ በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የአሜሪካ ወንጌላውያን የጉዲፈቻ ንቅናቄ ኢትዮጵያን ጨምሮ በተለያዩ አገራት ያስከተለውን ስትመረምር ከምታነሣቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፤ ልጄ ተምሮ ይመለሳል፣ ይጠይቀኛል ብሎ የፈረመ ወላጅ።

«ታዲያ ልጁ እዚህ ቢቀር ምን ይሆን ነበር?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ይሞት ነበር። አንዳንዱ አያቱ ጋ ያድግ ነበር። ከሄዱት ብዙዎቹ ተወደው አድገዋል። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው፦ ልጁን ለማዳን እናቱን ከታሪኩ ማውጣት ግዴታ አልነበረም። አንዱ ያለ ሌላው ይቻል ነበር። ሕጋችንም ይፈቅድ ነበር።

ስሙ «ለምን» የሆነው ልጅ

ከእናቲቱ ቀጥሎ ከታሪኩ የሚወጣው ስም ነው። ለምን ሲሳይን ታውቁታላችሁ። ገጣሚው በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ግለ ታሪክ ስለ ውጭ አገር ጉዲፈቻ አይደለም፤ እሱ በ1967 እ.ኤ.አ. የተወለደው እዚያው እንግሊዝ ነው። እናቱ ለትምህርት የሄደች ኢትዮጵያዊት ናት፤ ልጇን ለጊዜው እንዲያቆዩላት ጠየቀች። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው ሕፃኑን በራሱ ስም «ኖርማን» ብሎ ለአሳዳጊ ሰጠው። ልጁ 17 ዓመት ሲሞላው ወረቀቱን አገኘ። ስሙ ለምን ነበር። እናቱ ልጇ እንዲመለስላት የጻፈችው ደብዳቤም እዚያው ነበር።

መጽሐፉን እዚህ ያመጣሁት አደራው እንዴት እንደሚበላ በወረቀት ስለሚያሳይ ነው። ለምን ሲሳይ ብዙ አይጮኽም። የመንግሥትን መዝገብ ገልብጦ ያሳየናል፤ ሪፖርቱን፣ ፊርማውን፣ ቀኑን። ድምፁን ዝቅ ባደረገ ቁጥር የጸሐፊዎቹ ቀዝቃዛ ቋንቋ እየገነነ ይመጣል። ስሙን በአማርኛ የምናነብ ሰዎች ደግሞ እንግሊዝኛ አንባቢ በማብራሪያ የሚያገኘውን እኛ በጆሯችን እንሰማዋለን፦ ሠራተኛው የሰረዘው ስም ጥያቄ ነበር።

በራዱ ሚሃይሊያኑ ፊልም፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው «ኑር፣ ሁን» በሚለው (የፈረንሳይኛ ርዕሱ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ነው)፣ እናት ክርስቲያን ልጇን ሱዳን ካለ የስደተኞች ካምፕ ከቤተ እስራኤል ጋር ወደ እስራኤል ትልከዋለች። እዚያ ሌላ ስም ያገኛል፣ የሚወደው አሳዳጊ ቤተሰብም ያገኛል። ፊልሙ አንዳንዴ እንባ ለማስፈሰስ ይቸኩላል፤ መጨረሻው ላይ የሚመጣው መገናኘትም ለእኔ ከመጠን በላይ የተመቻቸ ነው። አንድ ነገር ግን በትክክል ይዟል፦ ልጁ ሲያድግ የሚጠይቀው «ማን ወሰደኝ?» ብሎ አይደለም፣ «እናቴ ለምን ሂድ አለችኝ?» ብሎ ነው። ያንን ሊመልስ የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ።

ካሜራው ሲዞር

አሁን ልጆቹ አድገዋል። ራሳቸው ይጽፋሉ። በተለያዩ አገራት ያደጉ ኢትዮጵያውያን ተሰባስበው ያሳተሙት «ከቤት ርቀው የሚያገሡ አንበሶች» የሚል ርዕስ ያለው መድበል አንዱ ነው። በዓይነቱ የተለየ የሚያደርገው በጉዲፈቻ ያደጉት ራሳቸው ተራኪ መሆናቸው ነው። «ጋቻ ዴይ» የሚባለውን ልማድ፣ ማለትም ልጁ የተወሰደበትን ቀን በየዓመቱ በኬክ ማክበርን፣ በጉዲፈቻ ካደጉ ሰዎች ብዙዎቹ ሲቃወሙ የምንሰማውም ለዚህ ነው። ቃሉ «ያዝንህ!» እንደማለት ነው። የተያዘው ልጅ በዚያ ቀን ማንን እንዳጣ ኬኩ ላይ አይጻፍም።

እኛስ? እዚህ አገር ቤት ያለነው ንጹሕ ነን? ዛሬ የእኛ ቴሌቪዥንና ዩቲዩብ ላይ የሚታየውን አስቡት። ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ወጣት እናቱን ሊያገኝ ገጠር ይሄዳል። አዘጋጁ ማይክ ይዞ ይቀድማል። በሩ ይከፈታል፣ እናት ትወድቃለች፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል። አንድ ነገር አይመስላችሁም? ያው ቪዲዮ ነው፤ ካሜራው ብቻ ዞሯል። እናቲቱ አሁንም የምታለቅስ እንጂ የምትናገር ሰው አይደለችም። «ምን ተሰማዎት?» ትባላለች። «ምን ብለው ነው ያስፈረሙዎት?» የሚላት የለም። ልጁ አማርኛ አለመቻሉ ይሳቅበታል፣ እንጀራ ሲጎርስ ይጨበጨብለታል፤ ክፍሉ ያልቃል። ማግስቱን ሁለቱ ብቻቸውን ያለ አስተርጓሚ ሲቀመጡ ምን እንደሚሆን አናይም።

በአማርኛ ስለዚህ ነገር ልብ ወለድ፣ ድራማ፣ ረጅም ዘገባ ስፈልግ የእናቲቱን ጉዞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚተርክ አንድ ሥራ እጄ አልገባም። ይህ የፈረንጅ ጥፋት አይደለም። ቋንቋው የእኛ ነው፤ አውቶቡስ ተራውን የምናውቀው እኛ ነን።

ይህ ሥራ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በ2011 እ.ኤ.አ. መንግሥት በቀን የሚያያቸውን ጉዳዮች ወደ 5 ዝቅ አደርጋለሁ ሲል፣ ከሰባት ዓመት በኋላም ጨርሶ ሲያግድ፣ የቆመው የሚሄደው ነው። የሄዱት አሉ። እናቶቹ እያረጁ ነው፣ የወረዳና የችሎት መዝገቦች እየተበተኑ ነው፣ ሕፃናቱ ያረፉባቸው ቤቶች ተዘግተዋል። ልጆቹ በሃያዎቹ ውስጥ ገብተው እየመጡ ነው፣ ጥያቄያቸውን ይዘው። የሚያነጋግራቸው ሰው ካላገኙ የሚቀርላቸው ያ ሙዚቃ ያለበት ቪዲዮ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምትጽፉ ካላችሁ፣ ቤታችሁ አጠገብ ጠይቁ። አንዲት እናት በስንት ሰዓት ተነሣች? የአውቶቡሱን ማን ከፈለላት? ፍርድ ቤት ስትጠየቅ ምን ገባት? ለልጇ ምን ቋጥራላት ነበር? ስትመለስስ ከጎኗ ባዶው ወንበር ላይ ማን ተቀመጠ?